ንፋስ የማይገባው ቤት

እኛ ቤት መስኮት የሚከፍት ሰው ጥፊ ይቀምስ ነበር። አባቴ በሌላው ጥፋት ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ ደስ ካለውም ይቅር ብሎ ያልፋል። በመስኮት ጉዳይ ግን ጥያቄ የለም። እጁ ይቀድምና ቃሉ ኋላ ይመጣል። «ንፋስ ልታስመቺን ነው?» ይለኛል፣ ጉንጬ ገና እየነደደ። ሚዛን ተፈሪ ላይ ከንፋሱ ይልቅ የሚያስቸግረው ዝናቡና ወበቁ መሆኑን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ሚኒባስ ውስጥ እንኳ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው መስታወት ከከፈተ ጠብ ነው። አንድ ቀን ከቴፒ ስንመለስ መስታወቱን አልዘጋም ያለውን ጎረምሳ ኮሌታውን አንቆ ከመቀመጫው አነሳው። ጎረምሳው ዘጋ። ሁላችንም በላብ ተጠምቀን ቤት ገባን፤ አባቴ ግን በደህና ስላደረሰን አምላኩን አመሰገነ።

አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እኔና ታላቅ እህቴ የተወለድንበት ቤት የጭቃ ነበር፤ በግድግዳው ስንጥቅ ብርሃን ይገባል፣ ከጣራው ሥር ደግሞ ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ንግዱ ሲቀናው የብሎኬት ቤት ሠራ። ኮርኒስ አስመታ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገ፣ ከዚያ ግንበኛውን አሰናብቶ ራሱ ቀዳዳ ፍለጋ ገባ። ሻማ ይዞ በየጥጉ ይንበረከካል፤ ነበልባሉ ከተወዛወዘ እዚያው ሲሚንቶ ይደፍንበታል። በየበሩ ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ቸነከረ። «ጉንዳን እንኳ መግቢያ አጥታ ትመለሳለች» እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስጎበኝ ነበር።

ቤቱ ዓመት ሳይሞላው ሻገተ። የግድግዳው ጥግ ጠቆረ፣ ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሸተተ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ውኃው የራሳችን ትንፋሽና የእርጥብ ልብሳችን እንፋሎት መውጫ አጥቶ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። አባቴ ግን ከውጭ ሰርጎ የገባ ጠላት አድርጎ ነበር የሚያየው። ስለዚህ የቀረውን ቀዳዳ ደፈነ፣ ሻጋታውን በቀለም ሸፈነ፣ ሻጋታው በቀለሙ ላይ ወጣ፣ ደግሞ ቀባ። እናቴ አንድ ቀን «እስቲ ለጥቂት ሰዓት እንክፈተው» ብትል በእጁ የያዘውን የቀለም ቆርቆሮ ወረወረባት። ቆርቆሮው ስቷት ግድግዳውን መታ፤ ነጩ ቀለም ግን ፊቷ ላይ ተረጨ። እናቴ በጨርቅ እየጠረገች «መልኬንም አደስክልኝ» አለችው። በዚያ ቤት የሚቀልድ እሷ ብቻ ነበረች።

ስለ ሙቀትም የራሱ እምነት ነበረው። ከቴፒ ቬንትሌተር ገዝቶ መጣና መኝታ ቤቱን ዘግቶ፣ ቬንትሌተሩን አስነስቶ ሱቅ ይሄዳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀው። ቬንትሌተር ያላበውን ሰው እንጂ ባዶ ክፍል እንደማያቀዘቅዝ፣ ይልቁንም ሞተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሙቀት እንደሚጨምር የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም አይሰማም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት መጥቶ በሩን ሲከፍት ግለቱ ፊቱን መታው። እህቴ አጥፍታው ቆይታ ሲመጣ ያስነሳችው መሰለውና በቀበቶ ገረፋት። እህቴ ስትገረፍ ድምፅ አታሰማም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔ ነኝ የምጮኸው፣ የምነክሰው፣ የምረግመው። እሷን ከጨረሰ በኋላ ቬንትሌተሩን በእርግጫ ብሎ ሰበረው።

ከሁሉም የከፋው ግን የከሰሉ ነገር ነው። በዝናቡ ወራት ከሰል በማንደጃ አቀጣጥለን ወደ ቤት እናስገባለን፤ ልብስ ይደርቅበታል፣ ቤት ይሞቅበታል። የአባቴ ሕግ እንዲህ ነበር፦ ከሰሉ ደጅ ይራገባል፣ ሙሉ በሙሉ ይቀላል፣ ነጭ አመድ ይለብሳል፣ ጭሱ ጨርሶ ይጠፋል፤ ከዚያ ጨው ይበተንበትና ይገባል። «ሰው የሚመታው ያልቀላ ከሰል ነው» ይል ነበር። ከተማው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። ራስ ምታት ከያዘን፣ ካስመለሰን፣ ከሰሉ በደንብ አልቀላም ማለት ነው፤ ያቀጣጠለው ሰው ይመታል። የማቀጣጥለው እኔ ነበርኩ። በዚህ ዓይነት የአባቴ እምነት አንድም ቀን ሳይሸነፍ ኖረ። እኛ በታመምን ቁጥር ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ቅጣቱም የእኔ፤ ከሰሉ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

እህቴ የጌጫ ሰው አገባች። ባሏ አስተማሪ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ጌጫ ደጋ ነው፤ ጉሙ ቀትር ላይ እንኳ ከመንገዱ አይነሳም። ልንጠይቃት ስንሄድ ከአባቴ ጋር በአማቾቿ የሣር ቤት አደርን። እሳቱ መሐል ቤት ቀንና ሌት ይነዳል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሁሉም ያስላል፤ ግን የወደቀ ሰው የለም። ጭሱ በሣሩ እየሾለከ ይወጣል፣ አየሩም በየስንጥቁ ይገባል፤ ያ ቤት ይተነፍሳል። አባቴ ግን ያየው ሌላ ነው። በመንገዳችን ላይ ሁሉ በድል ስሜት ሲያወራ መጣ፦ «ይኸው፣ እነሱ በዚያ ሁሉ ጭስ ምን ሆኑ? የእኛ ጭስ የሌለው ከሰል ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው?»

እህቴ ስታረግዝ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ሐምሌ ነበር፣ ዝናቡ ጣራውን የሚሰነጥቅበት። ሴት ልጅ በደህና ወለደች። ከሐኪም ቤት ስትመለስ አባቴ በሩ ወደ በረንዳው የሚከፈተውን ክፍል አዘጋጅቶላት ነበር። መስኮቱን ከውጭ በሚስማር ቸንክሮታል፣ ክፈፉን በብርድ ልብስ ቅዳጅ ጠቅጥቆታል፣ በላዩ ላስቲክ ወጥሮበታል። «ከጌጫ ብርዱን በአጥንቷ ይዛ ነው የመጣችው» አለ። «ሙቀት ካላወጣላት ወገቧ ይቀራል። ልጅቷም የወረሰችው ብርድ አለባት።» ማንደጃው ከአልጋው ግርጌ ገባ። የሚዛን አየር ለብቻው ላብ የሚያወጣ ሆኖ ሳለ እህቴ በዚያ ክፍል ውስጥ ስትቀቀል ሰነበተች።

«ራሴን ይከፍለኛል» አለችኝ አንድ ጠዋት። «ስነሳ ቤቱ ይዞርብኛል።» እናቴ ሎሚ እንድታሸት ሰጠቻት። የጎረቤት ሴቶች ሁሉ የአራስ ነው አሏት። እኔ ማንደጃውን አንስቼ ልወጣ ስል አባቴ በሩ ላይ አገኘኝና በደረቱ ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ማንደጃውን ራሱ መልሶ አስገባው። እህቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና «ተይው፣ ለእኔ ብሎ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ለእሷ ብሎ ነው። አባቴ በዕድሜው ሁሉ ለማንም እንደዚያ ደግ ሆኖ አያውቅም፤ ከሰሉን ለልጁ በገዛ እጁ እያራገበ ያቀላ ነበር።

ቅዳሜ ቀን እናቴ ገበያ ወጣች፣ እኔ ሱቅ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ ልጅቷን ልያት ብዬ ቤት መጣሁ። አባቴ በረንዳው ላይ፣ ከእህቴ ክፍል በር ፊት ለፊት፣ ከዘራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዘብ የቆመ ነው የሚመስለው።

«ተኝተዋል። አትቀስቅሻቸው» አለኝ።

«ልጅቷ አላለቀሰችም?»

«ጠግባ ተኝታለች። ከጠዋት ጀምራ ድምጿ የለም። ሙቀቱ ተስማምቷታል።»

አንድ አራስ ልጅ ከጠዋት እስከ ቀትር ጡት ሳትጠይቅ አትተኛም። ይህን ለማወቅ መውለድ አያስፈልግም። በሩን ደበደብኩ፣ እህቴን በስሟ ጠራኋት። ገፋሁት፣ አልከፈት አለ። ንፋስ ይዞ የሚገባ እንግዳ እንዳይኖር አባቴ ራሱ ከውስጥ እንድትቀረቅር አዟት ነበር። ደግሜ ስደበድብ ከዘራው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የጓሮውን ቡና ሥር የምንመነጥርበት ገጀራ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። አንስቼ መስኮቱን መታሁት። መስታወቱ ረገፈ። አባቴ ከኋላዬ ደርሶ ፀጉሬን ጠመዘዘና ወደ መሬት ጎተተኝ፤ ጭቃው ላይ ወደቅን። «አራስ ላይ መስኮት ትሰብሪያለሽ! ልትገድያት ነው!» እያለ በከዘራው ጀርባዬን ይወቅጠዋል። እጁን ነከስኩት፣ ጥርሴ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ። አልለቅ ሲለኝ በገጀራው ጀርባ ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማኝ። በሕይወቴ አባቴን ስመታ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያን ጊዜም አላዘንኩም፣ አሁንም አላዝንም።

ሚስማሩን በገጀራው ፈልቅቄ፣ ቅዳጁን ነቅዬ ገባሁ። የመስታወቱ ስባሪ ጉልበቴን ቀደደው። ከውስጥ የወጣው አየር እንደ ድስት ክዳን ትንፋሽ ፊቴን አጋየው፤ ሽታ ግን አልነበረውም፣ ጭስም የለም። ከሰሉ ቀልቶ፣ አመዱን ለብሶ፣ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። እህቴ ፊቷ ፍም መስላለች፣ ያማረባት ነው የምትመስለው። አፏ በትውከት ተለውሷል። ልጅቷ ብብቷ ሥር ናት። ሰውነቷ ይሞቃል፤ የሞቀው ግን ከእናቷ ገላና ከክፍሉ እንጂ ከራሷ አልነበረም።

መቀርቀሪያውን ከፍቼ እህቴን በብብቷ ይዤ ስጎትት አባቴ የተሰበረ ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ በሩ ላይ ቆሟል። በትከሻው በሩን መልሶ ሊዘጋብኝ ይገፋል። «ዝጊው! ንፋስ ይገባባታል!» ያለቅስ ነበር፤ እንባው በጺሙ ይወርዳል፣ ግን ይገፋል። ማንደጃውን በእግሬ መታሁት። ፍሙ እግሩ ላይ ተበተነ፣ ዘለለ፣ በሩ ተለቀቀ። እህቴን በዝናቡ ውስጥ ጭቃው ላይ አስተኛኋት፤ ተመልሼ ልጅቷን አወጣኋት። ጎረቤቶች የደረሱት ያኔ ነው። የአንደኛው ባጃጅ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበርና ሦስታችንን ጭኖ በረረ፤ አባቴም የኋላውን ብረት በጤነኛ እጁ ይዞ ተንጠለጠለ።

ልጅቷን አላተረፏትም። ስንደርስ አልቆ ነበር። እህቴን ግን አልጋ ላይ አድርገው የኦክስጅን ጭንብል አፏና አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት። አባቴ የሚፏጨውን ድምፅ ሰማ፣ እጁን አስጠግቶ የሚወጣውን አየር ዳሰሰ። «አራስ ፊት ላይ ቀዝቃዛ ንፋስ ትለቃላችሁ?» ብሎ ጭንብሉን ከፊቷ ላይ ነጠቀው። ነርሷ ልትመልሰው ስትታገል ገፈተራት፣ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨች። ጥበቃዎች በተሰበረው ክንዱ ይዘው እየጎተቱ ሲያወጡት የጮኸው ጩኸት ከዚያ በፊት ከሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀው ነው።

ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ለሁለታችን ነገረን። አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ «ቀልቶ ነው እኮ የገባው» እያለ ይደጋግማል። «ጨው ተበትኖበት፣ ቀልቶ።»

«አባት፣ ቀልቶም ይገድላል» አለው ሐኪሙ። «ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጨውም ምንም አያደርገውም። ክፍሉ ከተዘጋ ሰው በተኛበት ይቀራል። እናትየዋን ያተረፋት መስኮቱ መሰበሩ ነው።» አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። መስማቱን በዓይኑ አይቻለሁ።

ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ ተቀበረች። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ተሰበሰቡ፣ ወሬውም እዚያው ተጋግሮ ወጣ። አራስ ቤት መስኮት ሰብራ፣ ዝናብ አስገብታ፣ እናቲቱን ጭቃ ላይ አስተኝታ፤ ሕፃን ልጅ ይህን ትችላለች? ብርድ ገብቶባት ነው የሞተችው። የሚሉትን ዞር ብለው እንኳ አይሉትም ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ፊት ለፊቴ «እልኸኛ ነሽ፣ እልክሽ ነው የበላት» አለችኝ።

ወደ አባቴ ሄድኩ። ክንዱ በጄሶ ታስሮ፣ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጧል። «ሐኪሙ ያለውን ንገራቸው» አልኩት። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። «ንገራቸው!» አልኩት። ወንዶቹ ሁሉ ዞረው አዩት። «ሐኪም ብዙ ይላል» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። ዘልዬ ጉሮሮውን ያዝኩት። ወንዶቹ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያላቀቁ አስለቀቁኝና ከግቢው ጎትተው አወጡኝ፣ ጎኔንም አደቀቁት። እህቴ በውስጠኛው ክፍል ተኝታ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። ባሏ ከጌጫ መጥቶ ሲወስዳት እናታችንን ሳመች፣ አባታችንን ሳመች። እኔን አልፋኝ ሄደች።

ለዓመታት አልተነጋገርንም። ስደውል ታነሳና ድምፄን ስትሰማ ትዘጋለች። ሁለተኛ ልጅ መውለዷን የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ያውም በሹክሹክታ። «ባሏ የብሎኬት ቤት ሠራላት» አለችኝ። «አባትሽ ሄዶ ነው ያሠራው። ኮርኒሱንም እሱ ነው ያስመታው።» ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። በማግስቱ በቴፒ በኩል ጌጫ ገባሁ።

ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሣር ቤቶቹ መሐል ብቻውን ተኮፍሶ ቆሟል፣ መስኮቱ ተዘግቶ ከውስጥ ላስቲክ ተወጥሮበታል። ባሏ ትምህርት ቤት ነበር። በሩን ስገፋ የማውቀው ግለት ፊቴን መታኝ። እህቴ አልጋው ላይ ናት፣ ወንድ ልጇን ታቅፋ፤ ማንደጃው ከእግሯ ሥር ፍም ብሏል። አየችኝ። ለዓመታት ሳታናግረኝ ኖራ ያለችኝ ነገር «በሩን ዝጊ» ነበር።

በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ማንደጃውን በጆሮው አነሳሁት። ብረቱ መዳፌ ላይ ተጣበቀ። ደጅ ወርውሬው ስመለስ እህቴ ልጁን አስቀምጣ ተነስታለች፤ ያቺ ስትገረፍ ድምፅ የማታሰማ ልጅ እየጮኸች መጣችብኝ። «አንዷን በንፋስ ገደልሽብኝ! ይህንንም ልትገድይብኝ ነው!» በጫማ ራሴን መታችኝ፣ ፊቴን ቧጠጠችኝ፣ ከበሩ ልታላቅቀኝ ሆዴን በጉልበቷ ደበደበችኝ። እጄን ግራና ቀኝ መቃኑ ላይ ዘርግቼ ቆምኩ። ጉሙ በላዬ እያለፈ ይገባል። «ምቺኝ» አልኳት። «ከሰሉ ነው የገደላት። ሐኪሙ ነግሮናል። እስክትጠግቢ ምቺኝ፣ ይህ በር ግን አይዘጋም።»

ደከማት። አራስ ናት፣ ጉልበት ከየት ታምጣ። ደረቴ ላይ እንደተደገፈች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ለማን ለማን ነው የነገረው?» አለችኝ።

«ለእኔና ለአባዬ።»

ከደረቴ ተላቅቃ ልጁን በጋቢ ጠቀለለችውና ስልኳን ከትራሷ ሥር አወጣች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። አባቴ ሲያነሳ በደስታ ነበር። «ልጄ፣ ሞቃችሁ? ቤቱ ሞቀላችሁ?»

«አባዬ፣ ልጄን የገደላት ምንድን ነው?» አለችው።

ከጀርባው የገበያው ጫጫታ ይሰማል፣ የእሱ ትንፋሽም ይሰማል። እህቴ ደግማ አልጠየቀችውም።

«በሩን ክፈቺው» አለ። «መስኮቱንም። አሁኑኑ ክፈቺው፣ ልጄ።»

እህቴ ስልኩን ዘጋችው። እስከ ዛሬም መልስ አልሰጠችውም።